በስልክ የተቀረፀው ጩኸቴ

ልጄ፣ ዓይንሽ ክፉ አይይብኝ፤ እኔን ያስቀድመኝ።

የግንበኛው ወንድምሽ መርዶ የደረሰኝ በሰፈራችን አዳራሽ ነው። ኮምፒውተር ቋንቋችንን እንዲማር የሰው ድምፅ ከየአገሩ ለሚሰበስቡት «እማዬ፣ አንቺም ድምፅሽን ስጪ፤ ዓለም ሁሉ በነፃ ይጠቀምበታል» ብለሽኝ፣ ከጎረቤት ጋር ተሰልፌ ስልክ ላይ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ነበር። «ዝናቡ ነገ…» እንዳልኩ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ገብታ «ልጅሽ ከፎቅ ወደቀ» አለችኝ። ስልኩን ያጠፋው ሰው አልነበረም፤ ስሙን እየጠራሁ የጮህኩት ሁሉ ተቀረፀ። ኋላ ድምፃችንን የምትቀርፀው ልጅ «እናቴ፣ ላጥፋልዎት?» ስትለኝ «ተዪው» አልኳት።

አሁን ቤቱ ጭር ሲል፣ በማላውቀው ሰው ጆሮ ውስጥ ስጮህ ይሰማኛል። ቢሆንም አይጥፋብኝ።

ብርዱ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ። አፈር ስሆን፣ እዚያ አንቺ ባለሽበት ባሕር ማዶ ያሉትን ድምፅ ሰብሳቢዎች ለምኚልኝ፤ ከድምፁ ሥር እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ የምትሰሙኝ ሁሉ፣ የምጣራው ልጄን ነውና፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።