የዳስ እንጨት ድልድይ

ሰኞ፣ ጥር 4
ልምምድ ነበረን። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ዛሬ አናት ይበሳል። በረኛችን ናጅዋ ኳስ ከመያዝ ወሬ መያዝ ይቀላታል... የዛሬው ወሬዋ ግን ጥሩ ነው። የወረዳው ውድድር ጥር 16 ሲከፈት ሰልፉን የምንመራው እኛ ነን! ሴቶቹ! አምና የሴት ቡድን ራሱ አልነበረም። ማሊያ ለብሰን፣ እየዘፈንን፣ በአዲሱ የእግር ድልድይ ወንዙን ተሻግረን ሜዳ እንገባለን።

ድልድዩን የሚያሠሩት አጎቴ ጋሼ አብዱልመጂድ ናቸው፣ የቅሬያችን፣ የሰፈሩ እድር፣ ሰብሳቢ። ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ ሊጨርሰው ነው። እንጨቱም የቅሬው ነው፣ ለሰርግ ዳስ የምንተክለው። መሀሉ ላይ ቆሜ አንዴ ዘለልኩ። ረገብ አለ... አዲስ ስለሆነ ይሆን?

ረቡዕ፣ ጥር 6
የሌላ አገር የመክፈቻ ሰልፍ ልይ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩት! እስራኤል ውስጥ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከዓለም ዙሪያ የመጡ አይሁድ ስፖርተኞች የሚወዳደሩበት ትልቅ ዝግጅት። እነሱም በመክፈቻው ቀን፣ እነሱም ለዚያው ቀን በተሠራ ድልድይ ወንዝ ሲሻገሩ... የአውስትራሊያ ቡድን ላዩ ላይ እያለ ተደረመሰ። አራት ሰው ሞተ። እየሳቁ ነበር የሚሄዱት? መቼም ሰልፍ ላይ የማይስቅ የለም።

 ለናጅዋ ነገርኳት።
"ዝም በይ" አለች። "ድልድዩ ከቀረ ሰልፉ ይቀራል። ሰልፉ ከቀረ ደግሞ እኛን ለከርሞ ይሉናል።"
እውነቷን ነው። ዝም ልበል? ግን ከኛ ድልድይ ሥር ያለው ድንጋይ ነው፣ ቁመቱም ቀላል አይደለም...

ሐሙስ፣ ጥር 7
የእስራኤሉን ድልድይ ለጋሼ ነገርኳቸው፣ የኛም ረገብ እንደሚል ጨምሬ። ጋሼ እንጨቱን አረንጓዴ ቀለም እየቀቡ ነበር፣ ለእንግዶቹ እንዲያምር። ተቆጡ።
"ይሄ እንጨት ስንት ሰርግ ተሸክሟል! አንቺን ያቅተዋል?"
"ጋሼ፣ ዳስ የሚሸከመው ሸራ ነው። ሰርገኛው የሚጨፍረው መሬት ላይ ነው።"
ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ወረወሩት። አለቀልኝ ብዬ ነበር... "ወላሂ" አሉ፣ "ያን ሁሉ ሽማግሌ ሰብስቤ አንዳችንም አላሰብነውም!" ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ።
"ቅዳሜ ይፈተናል።"

ቅዳሜ፣ ጥር 9
የዛሬው ሳቅ! ጎረቤታችን ሀሩን ግመሉን ይዞ መጣ። ግመል ከተሻገረ ሰው አያቅተውም ተብሎ። ግመሉ አንድ እግሩን አሳረፈ፣ አሸተተ፣ መለሰው። ከዚያ እዚያው ደፉ ላይ ተኛ። በቃ ተኛ! ጋሼ ከፊት ይጎትታሉ፣ ሀሩን ከኋላ ይለምናል፣ "ተነስ እንጂ፣ አታሰድበኝ!" ናጅዋ "እሱን በረኛ አድርጉልኝ፣ ከቦታው አይነቃነቅም" ብላ ሰፈሩን በሳቅ ገደለችው።

ግመሉ እምቢ ሲል ጆንያ አሸዋ ሞላን። ማንም እንዳይወጣበት ከማዶ በገመድ እየጎተትን ደረደርን። የቡድናችንን ግማሽ የሚያህል ክብደት እንኳ አልሞላም። ቀጭ አለ። መሀሉ ወረደ። ጆንያው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ፈረጠ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ጋሼ ወርደው ስባሪውን አነሱ። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ውጪው ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ዱቄት። 
"ከፊት የምትሄጂው አንቺ ነበርሽ" አሉኝ።
ስባሪውን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። 

ረቡዕ፣ ጥር 13
ናጅዋ የፈራችው ደረሰ። ኮሚቴው "እንግዲህ ድልድዩም የለም፣ ሴቶቹ ለሌላ ጊዜ" አለ። ጋሼ ብድግ አሉ። "ድልድዩ ቢወድቅ ወንዙ ሞላ? ልጆቹ እግር የላቸውም? ውሃው በሚሳሳበት በመልካው ይሻገራሉ፣ እኔ አሻግራቸዋለሁ!" ኮሚቴው እሺ አለ። ጋሼዬ! ልስማቸው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 16
ተሻገርን! ጫማችን አንገታችን ላይ፣ ውሃው ጉልበታችን ድረስ። ጋሼ ሱሪያቸውን ጠቅልለው መሀል ቆመው እጃችንን እየያዙ አሳለፉን። ናጅዋ አንሸራትቷት ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች፣ ሕዝቡ ከጎሉ የበለጠ ለሷ አጨበጨበ። ሁለት ለባዶ ተሸነፍን... ግን ተጫወትን! የሚቀጥለው ጨዋታ ማክሰኞ ነው።

ጋሼ ድልድዩ ከተሰበረ ወዲህ እንጨት ያዩ እንደሆነ ሳያንኳኩ አያልፉም። የሰው በር ሁሉ ያንኳኳሉ፣ ሰው ይወጣል፣ ይሳቃል።

ስንመለስ ወንዙ ዳር አስቆሙኝ።
"እነዚያ የሞቱት ልጆች... አገራቸው የት ነው ያልሽኝ?"
"አውስትራሊያ፣ ጋሼ። ሩቅ ነው።"
"አላህ ለእናቶቻቸው ሶብር ይስጣቸው" አሉ።
ከዚያ ውሃው ውስጥ ገብተው ሲያሻግሩን ጮክ ብለው ይቆጥሩን ጀመር። እኔ መጨረሻ ነበርኩ። እጄን ይዘው ዳር ካወጡኝ በኋላም ቶሎ አልለቀቁኝም።
"አስራ አምስት" አሉ። "አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችሁም አላችሁ።"