እኔ የሌለሁበት ጭብጨባ

ሐምሌ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ወላይታ ሶዶ

ዛሬ ከሰዓት የሥራ ባልደረባዬ ማርታ ከስዊዘርላንድ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እናቴን ለማስታመም ወደ ሶዶ እስክመለስ ድረስ አብረን የሠራነው፣ ሙዮን የተባለውን ቅንጣት ከሌላው ለይቶ የሚይዘው መሣሪያ ከመሬት በታች ወዳለው የምርምር ጣቢያ ወርዶ ተገጠመ። ስልኳን አስጠግታ በእጄ የበየድኳቸውን ሽቦዎች አሳየችኝ። እዚያ በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ። ሁሉም እያጨበጨቡ ሳለ ኔትወርኩ ተቋረጠ። በመስኮቱ የሚታየኝ የዳሞታ ተራራ ጉም ብቻ ነበር።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና "የማን ሠርግ ነው?" አለችኝ።

"ሠርግ አይደለም እማዬ፤ ያ የነገርኩሽ መሣሪያ ተገጠመ።"

"አንቺ ሳትኖሪ?"

"አዎ።"

"እኔ ከዳንኩ ትመለሻለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። "እመለሳለሁ" አልኳት።

ክኒኗን ከውሃ ጋር ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።