ቢላዋ ያልነካው ሥጋ

ጥቅምት ፭፣ ቅዳሜ። ከጠዋቱ ፪ ሰዓት

ቀበና ወንዝ ዳር። ውሃው ጠርቷል። ብርዱ ጉልበቴን ያዘኝ። ዛሬም በሶ፣ በማር ለውሼ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ አድበልብዬ። ሦስተኛ ቀኑ። ደንቤን ታውቀዋለህ፣ ደብተሬ፦ ለእያንዳንዱ ጉርሻ ሦስት ቀን፣ አንድ መንጠቆ፣ አንድ ቦታ፤ ከሾላው ሥር ያለው ጥልቅ ኩሬ። (መንጠቆ ላይ ለሚሰካው ምግብ ደህና ስም አላገኘሁለትም። ጉርሻ ብዬዋለሁ።)

ውጤት፦ ባዶ። በሶው ውሃ ውስጥ ሟሟ። ሪዛሙን ግን አየሁት፤ በአፉ ግራና ቀኝ ጢም ያለው ዓሣ፣ ክንድ የሚያህል። መጣ፣ አሸተተ፣ ተወው። ስንቱ ተማሪ ትምህርቴን እንዲሁ አሽትቶ ሄደ።

ጥ. ፯፣ ሰኞ። ማታ

ክፉ ወሬ። እንድሪስ ኮርቻ ሠሪው ሱቁን ሸጠ። ጥ. ፳፩ ከወንድሙና ከነጋዴ ጓደኞቹ ጋር ወደ ወሎ ይሄዳል፣ ላይመለስ። መኪና ኮርቻ አይጫንም አለኝ። ይህን እየሳቀ ነው ያለው። እኔ አልሳቅኩም።

ሠላሳ ዓመት ድልድዩ አጠገብ ጎረቤቴ ነው። ስሞት የሚያለቅስልኝ እሱ ነው ብዬ ነበር። በእኔ ፋሲካ ቤቴ ይመጣል፤ ዳቦና ማር አቀርብለታለሁ። በእሱ ዒድ እሄዳለሁ፤ ዳቦና ማር ያቀርብልኛል። ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። በሥላሴ ስም የታረደውን እሱ አይበላም፤ በቢስሚላህ የታረደውን እኔ አልበላም። አባቶቻችን ያሳደጉን እንዲህ ነው፤ አንዳችንም አጉረምርመን አናውቅም። ዛሬ ብቻ፣ ሳላስበው፣ ዓሣን ማንም አያርደውም አልኩት። ሳትሄድ ከአንድ ሳህን አንድ ሥጋ እንበላለን ብዬ ቃል ገባሁለት።

"የኔታ፣ ዓሣውን አጥምደህ ነው ወይስ አስተምረህ የምታመጣው?" አለኝ። ደስ እንዳለው ግን አይቻለሁ። አንድ ኮርቻ አንስቶ ያለ ምክንያት ይወለውል ጀመር።

ጥ. ፲፣ ሐሙስ። ከቀኑ ፯ ሰዓት

ትል፣ ሦስተኛ ቀን። የተያዘ፦ አራት፣ ሁሉም ጣት የሚያህሉ። መለስኳቸው። ትል የሚጠራው ልጆቹን ብቻ ነው። ሪዛሙ ዝር አላለም።

አንዱ መንገደኛ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጬ ኩሬው ውስጥ እንድበትን መከረኝ፤ ዓሣው ሁሉ ሰክሮ ይንሳፈፋል አለ። አመሰገንኩት፣ አላደርገውም። ያ ማጥመድ አይደለም። የቀረው ፲፩ ቀን።

ጥ. ፲፬፣ ሰኞ። ከቀኑ ፱ ሰዓት

አይብም ሦስት ቀኑን ጨረሰ። ባዶ። ዛሬ ግን አንዲት ሴት ከላይ በኩል ጨጓራ ታጥብ ነበር፤ ደሙን ተከትሎ ሪዛሙ ወጣ! እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ አያስተምርም። ቀጥታ አራዳ፣ ወደ እኛ ወደ ክርስቲያኖቹ ሥጋ ቤት። ጉበት ገዛሁ። ለስላሳ ስለሆነ ከመንጠቆው ይላቀቃል፤ ቆርጬ ድንጋይ ላይ አሰጣሁት። ላዩ ሲደርቅ ያዘ። ነገ።

ጥ. ፲፭፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ ፬ ሰዓት

ያዝኩት! ሁለተኛው ውርወራ ላይ። ክሩ መዳፌን ቆረጠኝ፣ ግድ የለም። ክንድ ከስንዝር። በእርጥብ ቅጠል ጠቅልዬዋለሁ። ጾም አይደለም፣ ሁሉ ተሟልቷል። በቀጥታ እንድሪስ ቤት።

ያው ቀን። ከቀኑ ፲ ሰዓት



ሚስቱ ወ/ሮ ዘይነባ ዓሣውን ሲያጸዱ ጉሮሮው ውስጥ ጉበቱን አገኙ። "የኔታ፣ ይሄ ከማን ሥጋ ቤት ነው?" አሉኝ፣ በቅንነት። እኔ ምን ብዬ መለስኩ? ስም እንደሚጠራ መምህር፦ ከየትኛው ሥጋ ቤት፣ በስንት ሰዓት፣ የበግ ይሁን የበሬ፣ ሁሉን። ይህን ያህል ማን ጠየቀኝ!

እንድሪስ ዓሣውን አየ፣ እኔን አየ። "ሠላሳ ዓመት ከሥጋህ ሸሸሁ፤ ዛሬ በዓሣ ሆድ አስገብተህ አመጣህልኝ?" እየቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። እጁን ታጠበ። ዳቦና ማር ቀረበልኝ። ዓሣው በቅጠሉ ተመልሶ ተሰጠኝ።

በር ድረስ ሸኘኝ። ባትነግረኝ ኖሮ እበላው ነበር አለኝ፣ በቀስታ። ምነው ይህንንስ ባይነግረኝ።

ዓሣውን ከድልድዩ ሥር ለውሾች ጣልኩት።

ጥ. ፲፯፣ ሐሙስ

ወንዝ አልሄድኩም። መልሱ ዛሬ መጣልኝ፤ ዘግይቶ። ጉበቱ ከጉሮሮ አላለፈም ነበር። ደግሞስ ዓሣ እንቁራሪት ይበላል፣ ጭቃ ይበላል፣ ያኔ ማን ጠይቆት ያውቃል? ግትር ሽማግሌ። ይሂድ።

እውነቱን ተናገር እያልኩ የስንቱን ልጅ እጅ ገርፌአለሁ።

ጥ. ፲፱፣ ቅዳሜ። ከቀኑ ፰ ሰዓት

ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ደብተሬ። ጉበቱ ከእስላም ሥጋ ቤት ይገዛ። አለቀ። ለምን አራት ቀን ፈጀብኝ?

ሄድኩ። በሩ ላይ እግሬ ቆመ። ሰው ያየኛል ብዬ መሰለኝ፤ አይደለም። ይህን ጉበት የዋጠውን ዓሣ እኔ ልበላው ነው፤ ያን ሳስብ አልችልም አልኩ። ልክ እንደ እሱ። አራት ቀን ሙሉ የሰደብኩት ያን ነበር።

ባለ ሥጋ ቤቱ ተነሥቶ፣ "አባባ፣ ተሳስተው ነው፤ የክርስቲያኑ ወዲያ ማዶ ነው" አለኝ፣ በትሕትና። አልተሳሳትኩም አልኩት። ተገረመ። ጥሩውን መርጦ ቆረጠልኝ።

አሁን ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል። ዝንብ እከላከላለሁ።

ጥ. ፳፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ

ለንስሐ አባቴ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ከበላህ በኋላ ና፣ ቀኖናህን ያኔ እሰጥሃለሁ አሉኝ። አልከለከሉኝም፣ አልፈቀዱልኝም። በሰንበት ማጥመዴን አልነገርኳቸውም፤ እሱንም አብሬ እናገራለሁ።

ኩሬው ዳር ነኝ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ነጋዴዎቹ ይነሣሉ። መንጠቆው ውሃ ውስጥ ነው። ሪዛም ሌላ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ያየሁት አንዱን ብቻ ነበር፣ እሱንም ለውሻ ሰጠሁት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ እቆያለሁ። ካልያዝኩ ባዶ እጄን ሄጄ ለምን ባዶ እንደሆነ እነግረዋለሁ። ከያዝኩ፣ ወ/ሮ ዘይነባ ሳይጠይቁኝ ጉበቱ ከየት እንደሆነ እናገራለሁ፤ ከሳህኑም መጀመሪያ የምቆርሰው እኔ ነኝ፣ እንድሪስ እያየኝ።