እናትሽን ያስመረመራት ጠላ

ጽናትዬ፣

አቤቱታ አለኝ! እናትሽ ያለበሰችኝ የመንዝ የበግ ጠጉር ባና ሲያሳክከኝ አድሮ አንገቴ የተሸለተ በግ መስሏል። ካሣ እፈልጋለሁ።

አንቺ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ የአገሪቱን የካንሰር መከላከያ ዕቅድ ታወጪያለሽ፤ የገዛ እናትሽን ግን የማኅፀን በር ምርመራ አድርጊ ብለሽ ስንት ዓመት ለመንሻት? እዚህ ዘመሮ የማርያም ማኅበሯ ባንድ ቀን አሳመናት። ጽዋ ጠጥተው ሲያበቁ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ እማማ አስካለ ማርያም ተነሡና፣ "ሐሙስ ሁላችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። የቀረች እንደ ማኅበር ቀሪ ናት፤ የሚቀጥለውን ጠላ ትጠምቃለች" አሉ።

"እኔ ምንም አላመመኝም" አለች እናትሽ።

"እንግዲያው ጠማቂያችን ጌታነሽ ናት።"

ሴቶቹ ደነገጡ። የእናትሽን ጠላ ታውቂው የለ? "በማርያም ይዘንሻል ጌታነሽ፣ ሂጂልን!" እያሉ እግሯ ላይ ወደቁ።

ትናንት ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ሠርገኛ ተያይዘው ሄዱ። እናትሽ ምንም አልተገኘባትም! አንዷ ላይ ወደ ካንሰር የሚሄድ ጅማሬ ታይቶ እዚያው ታከመች፤ እሷም ከጓደኞቿ ጋር እየሳቀች ገባች። እናንተ በየአዳራሹ ስትሰበሰቡበት የከረማችሁትን እነሱ በአንድ ጽዋ ጨረሱት። ማኅበርን ዕቅድሽ ውስጥ አስገቢ፤ የእናትሽን ጠላ ግን እንዳታስገቢ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን አንዷለምንና ልጆቹን አጎታችሁን ወዳጆን ናፍቃችሁታል ብለሽ ሳሚልኝ። እናትሽ እንኳ…

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ከጓሳ በኩል በበቅሎ የመጡ የማላውቃቸው ሴት ናቸው። ወሬው ካርዴን ቀድሞታል። "የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነኝ" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፣ "የእኛስ ተራ መቼ ነው?"