ዓሣዎቼ ያስተረፉት ውሃ

ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬ በራሴ ኮርቻለሁ፤ ለሰው ባልናገረው እዚህ ልጻፈው። የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያውን እንኳ ነጭ ቅርፊት ያለብሳል፤ ሳሎን ያሉት ዓሣዎቼም በሱ ምክንያት አንድ በአንድ ሲያልቁብኝ ነበር። ባለፈው ወር ማጣሪያ ልገዛ ባሕር ዳር ሄድኩ። ሻጩ ትልቁን አነሳልኝ። «ያልተጣራው ውሃ የት ይሄዳል?» አልኩት። «ወደ ቦይ ነዋ!» አለኝ። ለአንድ ባልዲ የተጣራ ውሃ አራት ባልዲ ይደፋል! ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ የኔ ደጅ ውሃ ሲያፈስ ታየኝና አፈርኩ። የሚደፋው አነስ የሚለውን ትንሹን መረጥኩ፤ ቀስ ብሎ ቢያጣራም ዓሣ አይቸኩልም። የሚደፋውንም በቱቦ ወደ በርሜል መለስኩት፤ ለልብስና ለወለል ይሆናል።

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ «ለዓሣ ውሃ የምታጣራ እብድ» እያሉ ስሜን ሲያነሱ ከርመዋል። ውሃ ከጠፋ ግን ሳምንት ሊሞላው ነው። ዛሬ ጠዋት ጀሪካናቸውን ከነጠላቸው ሥር ደብቀው መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ዓሣዎቹ ያስተረፉት ይኖራል? ልብስ ላጥብበት ነበር» አሉኝ።

እስከ አፉ ሞላሁላቸው። ግን ሳሎን ገብተው ዓሣዎቹን ሳያመሰግኑ አልለቀቅኳቸውም።