ከበሬ አፍ ስለ ተወሰደው ጭድ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የ“ጭድ ለኃይል” ፕሮጀክት አስተባባሪ
ከአዘና ዙሪያ፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፦ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? ጭቃ የማይደፍረው መኪናዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ የከብቶቻችንን ነገር ግን ባይጠይቁን ይሻላል።

እኔ ክንዴ ውዱ የተባልሁ አርሶ አደር ነኝ። ጎረቤቴ ወይዘሮ እናትነሽ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ስትሆን፣ ሁለታችንም ያለን አንድ አንድ በሬ ስለሆነ በመቀናጆ አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሷን ማሳ እያረስን ስድስት ዓመት ኖረናል።

1ኛ. በታኅሣሥ፣ ውቂያው እንዳለቀ፣ መጥተው ክምራችንን በሜትር ስለ ለኩልንና ጭዳችን ትርፍ መሆኑን ስላበሠሩን እናመሰግናለን። እኛ ሞኞቹ የታኅሣሥ ክምር በሬውን እስከ ክረምት የሚያደርስ ቀለቡ ይመስለን ነበር። ከሦስቱ ክምር ሁለቱ ተጭኖ ሲሄድ እናትነሽ ለበሬዬ ይቅርልኝ ብላ ብትለምንዎ፣ ሣር ይበቅላል ብለው አጽናኗት። ይበቅላል እንጂ! ሐምሌ ላይ።

2ኛ. ጭዱን ጨምቆ ከሰል የሚያወጣው ማሽን መብራት እንደሚፈልግ፣ መብራቱም እኛ ዘንድ እንዳልደረሰ የታወቀው ማሽኑ ከተተከለ በኋላ መሆኑን ስሰማ በትዕግሥትዎ ተደነቅሁ። ጭዱ በግቢዎ ሜዳ ላይ እንደተቆለለ የሚያዝያ ዝናብ ደብድቦት ሻገተ። መልሱልን ብንል የፕሮጀክቱ ንብረት ሆኗል ተባልን። ለበሬም ለእሳትም የማይሆን ንብረት በዘበኛ ስላስጠበቁልን እግዜር ይስጥልን።

3ኛ. ሐሳቡ ክፉ ነው አላልሁም፤ እንጨቱ አልቋል፣ የሴቶቻችን ዓይን በጭስ ጠፍቷል። ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢጠይቁን ኖሮ፣ በሬ የማይበላውን የበቆሎ ቆረቆንዳ በየጓሮው ሰብስበን እናሸክምዎ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሌላውን ቅሬታ ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም። ባለፈው ማክሰኞ የእናትነሽ በሬ ትልሙ መሐል ተንበረከከ። ቀንበሩን አወረድንለት፣ ውኃ አጠጣነው፣ በጅራቱ ይዘን አቆምነው፤ ኀሙስ ሞተ። ክቡር ሆይ፣ የእኔ በሬ ብቻውን አያርስም፤ የተረፈ ጥማድ የሚያውሰን ጎረቤትም የለም፣ የሁሉም ከብት አጥንቱ ወጥቷል። ዘንድሮ የሁለታችንም ማሳ ጦሙን ሊያድር ነው።

ዕድሜና ሹመት እየጨመረልዎ፣ በክረምት ጭቃ ሳይነካዎ፣ በበጋ አቧራ ሳይደፍርዎ እንዲኖሩ የምመኝ፣ በመዝገብዎ “ተጠቃሚ አርሶ አደር” ተብዬ የሰፈርሁ፣

ክንዴ ውዱ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ እናትነሽ ሟች ባሏ የጠረበውን ቀንበር ፈልጣ አነደደችው። የልጆቿ እራት በእሱ በሰለ። ፕሮጀክትዎ በመንደራችን እስከ ዛሬ ያስገኘው ኃይል ይኸው ነውና፣ በሪፖርትዎ ያስገቡልን።