ቁልቁል ብቻ ስለተገመገመው ብስክሌት

ይድረስ ለማተሚያ ቤታችን ምክትል ሥራ አስኪያጅና ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ግምገማ ኮሚቴው ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ሌላው ሰው ስለ ደህንነትዎ በጥቅሉ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቀን መጽሐፍ ስጠርዝ ውዬ ከሥራ መልስ ብስክሌት እየገፋሁ ዳገት የምወጣ ሴት በመሆኔ፣ ከሰው አካል ሁሉ ጉልበት የሚባለውን አብልጬ ማክበር ጀምሬያለሁ። ወንበርዎ ምቹ፣ የመኪናዎም መቀመጫ ለስላሳ ስለሆነ የእርስዎ ደህና እንደሚሆን ተስፋ አለኝ።

ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለሚለጠፍ ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ማተሚያ ቤቱ ያለው ከኮረብታው ግርጌ ሲሆን አብዛኞቻችን የምንኖረው ከአናቱ ላይ ነው። ዳገቱን የሚወጣ ታክሲ ስለሌለ መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ መድቦልን ነበር። ኮሚቴዎ አንድ ርካሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገምግሞ «ለሠራተኛው እጅግ ተስማሚ» ብሎ ካጸደቀ ወዲህ ግን ሰርቪሱ ቀርቶ ለእያንዳንዳችን ብስክሌት ታደለን። አውቶብሱ አሁን ከወረቀት መጋዘኑ ጀርባ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሥራ ፈትቶ እንዳይታይ በየጠዋቱ ያጥበዋል። ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የግምገማውን ጥራት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ብስክሌቱን የነዳው ከቅጥነቱ የተነሳ ሁላችንም «ላባ» የምንለው የሂሳብ ክፍሉ ወጣት ነበር። የተነሳው ከኮረብታው አናት፣ የደረሰው ደግሞ እዚህ በራችን ላይ ሲሆን፣ እርስዎና የኮሚቴዎ አባላት የመኪና መስኮት ከፍታችሁ ከኋላ ተከተላችሁት። ላባ አንድም ጊዜ ፔዳል ሳይረግጥ ደረሰ፤ ባትሪው እንደሞላ መሆኑን አይታችሁ አጨበጨባችሁ። ከዚያ ብስክሌቱ በፒካፕ ተጭኖ ወደ ላይ ተመለሰ። እኛ በመስኮት ቆመን ይህን ስናይ ግምገማው ገና መጀመሩ መስሎን ነበር፤ ለካ አልቋል። ቁልቁለት ላይማ፣ ክቡር ሆይ፣ ባዶ በርሜልም ይሮጣል።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ባነሳሁ ጊዜ «የኮሚቴው ሥልጣን ሠራተኛው ወደ ሥራ መግባቱን ማረጋገጥ ነው፤ ከሥራ በኋላ ያለው የግል ጉዳይ ነው» ብለው ስለሰጡኝ መልስ ዕድሜ ልኬን ባለዕዳዎ ነኝ። ማታ ማታ ቤቴ የምገባው የግል አመል ይዞኝ መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ብስክሌቱ በእርግጥ ርካሽ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም፤ ነገሩም ራሱ አይክደውም። ፍሬኑ ሲያዝ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ መቀመጫው በየጉድጓዱ ዝቅ ይላል። ባትሪው ደግሞ የዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ከጣውላ ቤቱ መታጠፊያ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ብረት መግፋት ነው። ትናንት ጡረታቸው የተቃረበው የማሽን ክፍሉ ጋሼ እዚያው መታጠፊያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ሲጠርጉ አግኝቻቸው «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኛን እንዲያደርስ ሳይሆን እኛ እንድናደርሰው ነው የተገዛው» አሉኝ። ሳቅን፤ ግን ከሳቁ በኋላ ተነስተው እስኪቆሙ ድረስ እጃቸውን ይዤ መጠበቅ ነበረብኝ።

አራተኛውን ከነዚህ ጋር ደርድሬ በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም። ሴት ልጄ ከኮረብታው አናት ባለ የሕፃናት ማቆያ ትውላለች። በሰርቪሱ ጊዜ ማቆያው ከመዘጋቱ በፊት እደርስ ነበር፤ አሁን ግን ስደርስ ግቢው ጭር ብሎ፣ ልጄ ጫማዋን አድርጋ ቦርሳዋን አንግታ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር በር ላይ ቆማ ነው የማገኛት። የማቆያው ኃላፊ ክፉ ሴት አይደሉም፤ «እኔም እኮ ልጆች አሉኝ እህቴ፤ እነሱም ይጠብቁኛል» አሉኝ። ቢያንስ ባዘገየኝ ብስክሌት ላይ ላስቀምጣትና ልሩጥ እንዳልል፣ የብስክሌቱ የኋላ ብረት ልጅ ቀርቶ የምሳ ዕቃ ስናስርበት ይጣመማል። አንድ እጄ ብረቱን፣ አንድ እጄ እሷን ይዞ ወደ ቤት ስንሄድ «ዛሬም ረሳሽኝ?» አለችኝ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ በሪፖርቱ ውስጥ ስላላየሁት ነው።

ኮሚቴዎ ሌላ ግምገማ እንዲያደርግ አልለምንም። እርስዎም ብስክሌቱ ላይ ወጥተው ዳገቱን እንዲሞክሩት አልጋብዝም፤ ሰው ሲጎዳ ማየት አልወድም። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ጨዋነት ሰልችቶኛል። አውቶብሱ አለ፣ ሾፌሩም አለ፣ ዳገቱም የትም አልሄደም። ሰርቪሳችንን ይመልሱልን።

ታላቁን ጊዜዎን በትንሹ ጉዳያችን ላይ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ እርስዎ አይተው ባጸደቁልኝ ብረት ላይ ተደግፌ ትንፋሼ እስኪመለስ እየጠበቅሁ የምሰናበትዎ፣ ጎንበስ ብዬ የምገፋ አክባሪዎ፣

የጥረዛ ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ማቆያው የልጄን ቦታ በሰዓቱ መድረስ ለሚችሉ ወላጆች ልጅ መስጠቱን አስታወቀኝ። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ አብራኝ ወደ ሥራ ትመጣለች። የወረቀት መቁረጫው ያለበት ክፍል ለሕፃን አደገኛ ስለሆነ፣ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ባለው የእንግዳ ሶፋ ላይ አስቀምጣታለሁ። አታስቸግርም፤ ጥያቄ ግን ታበዛለች። ትናንት ማታ «እማዬ፣ አውቶብሱን የወሰደብን ሰውዬ ልጅ የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሰኞ ራስዎ ይንገሯት።